የከረጢቱ መለያና በውስጡ ያለው ዘር፦ አዲስ የሶፍትዌር ስሪት በራሱ ሲታወቅ ማን ይፈትሸዋል?

እ.ኤ.አ ማርች 29 ቀን 2024፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም፣ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባሉ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ለሶፍትዌር ደኅንነት ባለሙያዎች አንድ መልእክት አሠራጩ። ወደ ኮምፒውተር በርቀት ለመግባት የሚወስደው ጊዜ ከወትሮው በግማሽ ሰከንድ ያህል ረዝሞባቸው ምክንያቱን ሲመረምሩ፣ ኤክስ ዜድ በተባለው ፋይሎችን አጭቆ መጠናቸውን በሚያሳንስ ነጻ ሶፍትዌር ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጓሮ በር አገኙ። በሩን ያበጀው አካል ሶፍትዌሩ በገባባቸው በርካታ ኮምፒውተሮች ላይ ያለ ፈቃድ ትእዛዝ መስጠት ይችል ነበር።

የጓሮ በሩ የተገኘው 5.6.0 እና 5.6.1 በተባሉት ስሪቶች ውስጥ ነው። ሁለቱም በሥርዓቱ ቁጥር ተሰጥቷቸው፣ በይፋ ታውጀው የወጡ ነበሩ። አዲስ ስሪት መውጣቱን የሚከታተል ማሽን ቁጥራቸውን አይቶ «አዲስ ነው፤ ውሰዱት» ከማለት ውጪ የሚጠራጠርበት ምክንያት አልነበረውም። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በዓለም ዙሪያ የሶፍትዌር ባለሙያዎችን ሲያነጋግር የቆየው ጥያቄም ይኸው ነው፤ አዲስ ስሪት መውጣቱን ማሽን ሊያውቅ ይችላል፤ ስሪቱ መታመን ያለበት መሆኑንስ ማን ያረጋግጣል?

ጉዳዩ ከገጠር ቀበሌና ከወረዳ ከተማ የራቀ ይመስላል። ነገር ግን ገንዘብ የሚላክበት ስልክ፣ የጤና ጣቢያ ሪፖርት የሚመዘገብበት ኮምፒውተር፣ የባንክ ቅርንጫፍ አገልግሎት ሁሉም የቆሙት ከሌሎች ሰዎች በተወሰዱ ብዙ ትንንሽ የሶፍትዌር ጥቅሎች ላይ ነው። አንዱ ጥቅል ሲታመም ሕመሙ እስከ ተጠቃሚው ይዘልቃል።

መለያ ምንድን ነው?

አርሶ አደሩ ምርጥ ዘር ሲገዛ በመጀመሪያ የሚያየው በከረጢቱ ላይ ያለውን መለያ ነው። የሰብሉ ዓይነት፣ የዝርያው ስም፣ የተመረተበት ዘመን በመለያው ላይ ይሰፍራል። በሶፍትዌር ዓለምም ተመሳሳይ አሠራር አለ። ፕሮግራም ጸሐፊዎች የሚጽፉትን ኮድ የሚያስቀምጡት በኮድ ማከማቻ ውስጥ ነው። ለዚህ ሥራ በስፋት የሚያገለግለው ጊት የተባለው መሣሪያ ሲሆን፣ እርሱንም የሊነክስ ጀማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ በ2005 ሠሩት።

ጊት እያንዳንዱን የኮድ ለውጥ ከይዘቱ በሚሰላ ረጅም የመታወቂያ ቁጥር ይመዘግባል። በይዘቱ ላይ አንዲት ፊደል ብትቀየር ቁጥሩ ሌላ ይሆናል። ይህ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ 40 ፊደላትና አኃዞች ያሉት በመሆኑ ለሰው አይመችም። ስለዚህ ጸሐፊዎቹ ሥራቸው ለሕዝብ ሊቀርብ ዝግጁ ነው ብለው ባመኑበት ቦታ ላይ «2.4.1» የመሰለ አጭር ስም ያስሩበታል። ባለሙያዎች ታግ የሚሉት ይህንኑ መለያ ነው።

ልብ ሊባል የሚገባው መለያው ከኮዱ ውጪ የታሰረ ስም መሆኑ ነው። የከረጢት መለያ ተፈትቶ በሌላ ከረጢት ላይ ሊታሰር እንደሚችል ሁሉ፣ የኮድ መለያም በማከማቻው ላይ ሥልጣን ባለው ሰው እጅ ከአንድ ይዘት ተነሥቶ ወደ ሌላ ሊዛወር ይችላል። የመታወቂያ ቁጥሩ ግን ከይዘቱ ጋር የተቆራኘ ስለሆነ እንዲህ በቀላሉ አይዛወርም።

ማሽኑ እንዴት ይከታተላል?

ደቢያን የተባለው ነጻ የኮምፒውተር ሥርዓት እ.ኤ.አ በ2023 ባወጣው 12ኛ ስሪቱ ከ64 ሺህ በላይ ጥቅሎችን አካትቷል። የእያንዳንዱን ጥቅል ምንጭ በየቀኑ እየከፈተ «ዛሬ አዲስ ነገር አለ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ በቂ የሰው ኃይል ማግኘት አይቻልም። በመሆኑም የደቢያን ባለሙያዎች በየጥቅሉ ውስጥ የመጠበቂያ ፋይል የሚባል አጭር መመሪያ ያስቀምጣሉ። መመሪያው የጥቅሉ ምንጭ የት እንደሚገኝና የስሪቱ ስም ምን እንደሚመስል ይገልጻል። ዩስካን የተባለው ፕሮግራም መመሪያውን ተከትሎ የምንጩን ገጽ ወይም የማከማቻውን መለያዎች ዝርዝር ያነባል፤ ከፍተኛውን ቁጥር ለይቶም በእጅ ካለው ጋር ያነጻጽራል። የሚበልጥ ካገኘ ያሳውቃል።

ፌዶራ የተባለው ሌላው ሥርዓት ለዚሁ ተግባር አኒትያ በተባለ አገልግሎት ይጠቀማል። አኒትያ አዲስ ስሪት ሲያገኝ ለጥቅሉ ኃላፊ የሥራ ማስታወሻ እንዲከፈትለት ይደረጋል። ዲፔንዳቦትና ሬኖቬት የተባሉት ደግሞ አንድ እርምጃ ወደፊት ይሄዳሉ፤ ማሳወቅ ብቻ ሳይሆን የለውጡን ረቂቅ አዘጋጅተው ባለቤቱ እንዲያጸድቀው ያቀርባሉ። ባለቤቱ ከፈቀደና አሠራሩን ካመቻቸም ለውጡ ያለ ሰው እጅ እንዲገባ ማድረግ ይቻላል።

ሥራው ከላይ ሲታይ ቀላል ቢመስልም ብዙ መሰናክል አለበት። የመጀመሪያው የቁጥር ንባብ ነው። ስሪት 1.10 ከስሪት 1.9 በኋላ የወጣ ነው፤ በሕግ መጽሐፍ ላይ አንቀጽ 10 ከአንቀጽ 9 ቀጥሎ እንደሚመጣው ማለት ነው። እንደ ፊደል የሚያነብ ማሽን ግን 9 ከ1 ይበልጣል ብሎ አሮጌውን አዲስ ያደርገዋል። አንዳንዶች ደግሞ ስሪታቸውን በዓመትና በወር ይሰይማሉ፤ ኡቡንቱ 24.04 እ.ኤ.አ በ2024 በአራተኛው ወር የወጣ ማለት ነው።

ሁለተኛው መሰናክል ለሙከራ የወጣውን ከተረጋገጠው መለየት ነው። በምርምር ማዕከል የሙከራ ማሳ ላይ ያለ ዕጩ ዝርያ ለአርሶ አደሩ እንደማይከፋፈል ሁሉ፣ ቤታ ተብሎ የተሰየመ ስሪትም ለሥራ አይውልም። መመሪያው ይህንን ካልገለጸለት ማሽኑ ሁለቱን አይለያቸውም።

ሦስተኛው ዝምታ ነው። እ.ኤ.አ በ2022 ጊትሀብ የተባለው ትልቁ የኮድ ማከማቻ የድረ ገጹን አሠራር ሲቀይር፣ ያንን ገጽ በማንበብ አዲስ ስሪት ይፈልጉ የነበሩ በርካታ የደቢያን የመጠበቂያ ፋይሎች ማግኘት የሚገባቸውን ማግኘት አቆሙ። ጠባቂው ዝም ያለው አዲስ ነገር ስለሌለ ነው ወይስ ስለታወረ? ይህንን የሚለይ ሌላ ቁጥጥር ከሌለ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። ገጽ ከማንበብ ይልቅ የመለያዎቹን ዝርዝር በቀጥታ ከማከማቻው መጠየቅ ይመረጣል የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው።

መዘግየት ያስከፈለው ዋጋ

ይህ ሁሉ ድካም ለምን አስፈለገ ለሚለው ጥያቄ የአሜሪካው ኢክዊፋክስ ኩባንያ ታሪክ በቂ መልስ ይሰጣል። ኩባንያው የሰዎችን የብድር ታሪክ የሚይዝ ነው። እ.ኤ.አ በማርች 2017 መጀመሪያ አፓቺ ስትራትስ በተባለ ጥቅል ውስጥ አደገኛ ክፍተት መገኘቱ ታወጀ፤ የተስተካከለው ስሪትም ወጣ። ኩባንያው ግን ክፍተቱን በአንድ አገልግሎቱ ላይ ሳይደፍን ቀረ። በሜይ ወር ጥቃት ፈጻሚዎች በዚያው ክፍተት ገቡ፤ እስከ ጁላይ መጨረሻም አልተደረሰባቸውም። ወደ 147 ሚሊዮን የሚደርሱ ሰዎች የግል መረጃ ተወሰደ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ሆነ።

እ.ኤ.አ በዲሴምበር 2021 ደግሞ ሎግ ፎር ጄ የተባለ፣ በጃቫ ቋንቋ በተጻፉ በርካታ ፕሮግራሞች ውስጥ የሚገኝ ጥቅል ከባድ ክፍተት እንዳለበት ታወቀ። ማስተካከያ ተብሎ የወጣው 2.15.0 ራሱ ጉድለት ተገኘበትና 2.16.0 ተተካ። ቀጥሎም 2.17.0፣ ከዚያም 2.17.1 ወጡ። አራቱም የወጡት በዚያው በአንድ ወር ውስጥ ነው። አንድ የመሥሪያ ቤት ባለሙያ ዜናውን ሰምቶ የመጀመሪያውን ማስተካከያ አስገብቶ እፎይ ቢል፣ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። እንዲህ ያለውን ሩጫ በሰው ዓይን ብቻ መከታተል ከባድ ነው፤ ሳይታክት የሚጠብቅ ማሽን ያስፈልጋል።

መቸኮልም ዋጋ አለው

የኤክስ ዜድ ታሪክ ሌላውን ገጽ ያሳያል። ሶፍትዌሩን ለዓመታት በአብዛኛው የተንከባከቡት ላሴ ኮሊን የተባሉ አንድ በጎ ፈቃደኛ ነበሩ። ጂያ ታን በሚል ስም የቀረበ ግለሰብ ከ2021 ጀምሮ ጠቃሚ ሥራ እየሠራ አመኔታን አተረፈ፤ በመጨረሻም ስሪት የማውጣት ሥልጣን አገኘ። የጓሮ በሩን ያስገባውም በዚያ ሥልጣን ነው።

የማታለያው ዘዴ ለመለያ ክትትል ትልቅ ትምህርት አለው። የጓሮ በሩ ዋና አካል የሙከራ ፋይል መስሎ በማከማቻው ውስጥ ተሸሽጎ ነበር። እርሱን የሚቀሰቅሰው ቁልፍ ግን በማከማቻው ውስጥ አልነበረም፤ ከስሪቱ ጋር ተጠቅልሎ በወጣው የማውረጃ ጥቅል ውስጥ ብቻ ተጨመረ። ስለዚህ በማከማቻው ያለውን ኮድ ያነበበ ሰው ቁልፉን አያየውም፤ ጥቅሉን ያወረደ ግን ይወስደዋል። መለያው አንድ ሆኖ ከረጢቱ ሁለት ነበር ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ብዙዎች «የማውረጃ ጥቅሉን ትተን በመለያው መሠረት ከማከማቻው በቀጥታ እንውሰድ» ወደሚለው ሐሳብ አዘነበሉ። ሐሳቡ መልካም ነው፤ የሚወሰደው ኮድ ሁሉም ሰው የሚያነበው ኮድ እንዲሆን ያደርጋልና። ይሁን እንጂ ዓመት ሳይሞላ መለያም ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን ታየ። እ.ኤ.አ በማርች 2025 ቲጄ አክሽንስ በተባለ ስብስብ ሥር የሚገኝ፣ ከ23 ሺህ በላይ ማከማቻዎች ይጠቀሙበት የነበረ አንድ መሣሪያ በጥቃት ፈጻሚዎች እጅ ወደቀ። አጥቂዎቹ አዲስ ስሪት ማውጣት አላስፈለጋቸውም። ለረጅም ጊዜ ሲታመኑ የቆዩትን የድሮ መለያዎች ከነበሩበት አንሥተው መርዛማ ኮድ ላይ አሰሯቸው። ስሙን ብቻ አምኖ ይጠቀም የነበረ ሁሉ የሥራ ቁልፎቹና የይለፍ ቃሎቹ በሥራ መዝገብ ላይ ተገልጠው እንዲታዩ ለሚያደርገው ኮድ ተጋለጠ። ከስሙ ይልቅ በረጅሙ የመታወቂያ ቁጥር አስሮ ይጠቀም የነበረው ግን ጥቃቱ በተፈጸመበት ሰዓት ቁጥሩን ካልቀየረ በስተቀር ጉዳቱ አላገኘውም።

ከስንዴ ማሳ የተገኘ ትምህርት

የሀገራችን ስንዴ አምራቾች ይህንን ፈተና በራሳቸው መንገድ ያውቁታል። እ.ኤ.አ በ2010 ቢጫ ዋግ በተከሰተ ጊዜ በስፋት ይዘራ የነበረው ኩብሳ የተባለው ዝርያ ክፉኛ ተጎዳ። ከዚያ በኋላ ቢጫ ዋግን ይቋቋማል የተባለው ዲገሉ ብዙ ማሳ ሸፈነ። እ.ኤ.አ በ2013 ደግሞ ሌላ ዓይነት የግንድ ዋግ በባሌ ተነሥቶ ያንኑ ዲገሉን መታው። አዲሱ ዝርያ ለቀድሞው በሽታ መድኃኒት ነበር፤ ለሚመጣው ግን ዋስትና አልሆነም። ብዙ ማሳ አንድ ዝርያ ለብሶ ስለነበርም ጉዳቱ ሰፋ።

በሶፍትዌርም ያው ነው። አዲስ ስሪት የታወቀውን ክፍተት ይደፍናል፤ ያልታወቀ ክፍተት ይዞ ሊመጣም ይችላል። ዋግን በመከላከል ሥራ ማሳ እየዞሩ ምልክቱን መፈለግና ወሬውን ቶሎ ማድረስ አንድ ተግባር ነው፤ የትኛው ዝርያ ይዘራ ብሎ መወሰን ሌላ ተግባር ነው። የመጀመሪያው ፍጥነት ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ማስተዋል። በሶፍትዌር ዓለም የተፈጠረው ችግር በአብዛኛው ሁለቱን አንድ አድርጎ ለማሽን ከመስጠት የመጣ ነው።

ምን ሊደረግ ይችላል?

አንድ መድኃኒት ሁሉንም ሕመም እንደማይፈውስ ከላይ የተነሡት አጋጣሚዎች ያሳያሉ። የተዛወረን መለያ ለመከላከል የሚጠቅመው የመታወቂያ ቁጥሩን መመዝገብ ነው። ጎ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጥቅሎችን የሚወስደው ከማከማቻ መለያዎች ሲሆን፣ ከ2019 ጀምሮ የእያንዳንዱ ስሪት ይዘት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ አሻራው በጋራ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። በኋላ መለያው ወደ ሌላ ይዘት ቢዛወር አሻራው አይገጥምምና ሥራው ይቆማል። ማንኛውም የስሪት ተከታታይ ማሽን «አዲስ መለያ መጣ» ከማለት በተጨማሪ «የድሮው መለያ ቦታውን ለቀቀ» ብሎ እንዲጮህ ማድረግ ይቻላል። መለያው በጸሐፊው ዲጂታል ፊርማ የታተመ ከሆነም ማኅተሙን መፈተሽ ተጨማሪ ጥበቃ ነው። ነገር ግን ጂያ ታን ሥልጣን የነበረው ሰው ስለነበር ማኅተም ብቻውን እርሱን አያስቆመውም ነበር።

በችኮላ ለሚመጣ ጉዳት ደግሞ የመቆያ ጊዜ መስጠት ይረዳል። ሬኖቬትም ሆነ ዲፔንዳቦት አዲስ ስሪት ከወጣ የተወሰኑ ቀናት ሳይሞላው እንዳይገባ የሚያደርግ ምርጫ አላቸው። በእነዚህ ቀናት ሌሎች ጉድለቱን ሊያገኙት ይችላሉ። ሆኖም የመጀመሪያው የኤክስ ዜድ መጥፎ ስሪት በፌብሩዋሪ 24 ወጥቶ የተጋለጠው ከአምስት ሳምንት ያህል በኋላ ነው፤ የሳምንት መቆያ አያድንም ነበር። የተረጋጋው የደቢያን ስሪት የተረፈው አዲስ ነገር ወደ እርሱ እስኪደርስ ረጅም የሙከራ ጊዜ ስለሚያልፍ ነው።

መቆየትም ገደብ ያስፈልገዋል። ሁሉንም ነገር ማቆየት ወደ ኢክዊፋክስ ስህተት ይመልሳል። በመሆኑም የታወቀ የደኅንነት ክፍተት የሚደፍን ስሪት በቀናት ወይም በሰዓታት ውስጥ ተፈትሾ ይገባል፤ አዲስ ገጽታ ብቻ የሚጨምር ስሪት ግን ተራውን ይጠብቃል። ይህንን የሚለይ፣ በትንሽ ኮምፒውተር ላይ አስቀድሞ የሚሞክርና ቢበላሽ ወደ ቀድሞው የሚመልስ ባለሙያ ከማሽኑ ጀርባ መኖር አለበት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለውና ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ምክር ሁለቱም እዚህ ላይ ቦታ አላቸው።

ለእኛስ?

ጉዳዩ ወደ ኢትዮጵያም ይደርሳል። አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤል የተባለው የግእዝ ፊደል ቅርጽ ምንጩ በጊት ማከማቻ ለሁሉም ክፍት ሆኖ የሚገኝ ሲሆን በደቢያን ጥቅሎች ውስጥም ተካትቷል። የጤና ሚኒስቴር ከጤና ተቋማት ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲ ኤች አይ ኤስ 2 በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ነጻ ሶፍትዌር ነው፤ ከ70 በላይ ሀገራት ይጠቀሙበታል። አዲስ ስሪት ኦስሎ ላይ ሲወጣ በራሱ እዚህ አይደርስም፤ መውጣቱን የሚያውቅ፣ የሚሞክርና ሰርቨሩ ላይ የሚጭን ሰው ያስፈልጋል።

ስለዚህ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ዩኒየን ወይም የብድርና ቁጠባ ተቋም የኮምፒውተር ሥርዓት ሲገዛ ወይም ሲያሠራ ከዋጋው ጎን ለጎን ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። ሥርዓቱ የቆመባቸው ጥቅሎች ዝርዝር ተጽፎ ተሰጥቷል ወይ? አዲስ ስሪት ሲወጣ ማን ይነገረዋል? ከመጫኑ በፊት የት ይሞከራል? ሠሪው ውሉን ጨርሶ ከሄደ በኋላስ ክትትሉ በማን እጅ ይቀራል? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ችላ ሊባል አይገባም። ሥርዓቱ በተመረቀበት ቀን የነበረውን ስሪት ይዞ ለዓመታት ከቆየ፣ በየጊዜው የሚታወጁት ክፍተቶች ሁሉ ተከፍተው ይቀራሉ።

የስልክ ተጠቃሚው ድርሻም ቀላል አይደለም። የኢንተርኔት ጥቅል ለመቆጠብ ሲባል ማሻሻያን ለወራት ማቆየት የታወቀ ክፍተትን ክፍት አድርጎ መተው ነው። በሌላ በኩል «አዲሱ ስሪት ወጥቷል» ተብሎ በቴሌግራም ወይም በጓደኛ ስልክ የሚላክ የመተግበሪያ ፋይል መጫን ማንነቱ ካልታወቀ ሻጭ፣ መለያ ብቻ አይቶ ዘር እንደ መግዛት ነው። ስሙና ቁጥሩ ትክክለኛውን ሊመስል ይችላል። የባንክና የገንዘብ መላኪያ መተግበሪያዎችን ከስልኩ ይፋዊ የመተግበሪያ መደብር ብቻ ማውረድ፣ ማሻሻያውንም ከዚያው መቀበል ይገባል።

አርሶ አደሩ መለያ የታሰረበትን ከረጢት ገዝቶም ቢሆን፣ ጥቂት ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ላይ አድርጎ መብቀሉን ሳያይ ማሳውን በሙሉ ቢዘራ ኪሳራው የራሱ ነው። የሶፍትዌር ባለሙያዎችም ከኤክስ ዜድና ከቲጄ አክሽንስ በኋላ ወደዚሁ ልማድ እየተመለሱ ነው። አዲስ መለያ መምጣቱን ማሽኑ ይንገር፤ ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት ግን ፈትሾ «ይግባ» የሚል ስሙ የታወቀ ኃላፊ በየመሥሪያ ቤቱ መኖር አለበት።